በጥርስና በእንጨት መካከል

ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኅዳር ወር መጨረሻ፣ በኮፐንሃገን ከተማ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል የእጅ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ሁለት አደራ በካፖርቴ ኪስ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ አንደኛው አፉ በንክሻ የተበሳ አሮጌ ፒፓ፣ ሁለተኛው በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ፣ የሰው ጥርስ ምልክት ያረፈበት የማር ሰም ነበረ።

አደራው የተሰጠኝ ከጂኦግራፊ መምህሬ ነው። ጋሼ፣ ተማሪዎቻቸው ሁሉ በሌላ ስም ጠርተዋቸው ስለማያውቁ እኔም በዚሁ ልጥራቸውና፣ ፒፓውን በወጣትነታቸው ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሳሉ ገዝተውት ከአርባ ዓመት በላይ ከአፋቸው ሳይለይ ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪማቸው ትንባሆን ፈጽሞ በከለከሏቸው ጊዜ ትእዛዙን ያለ ማወላወል ተቀብለው ትንባሆውን ጣሉ፤ ፒፓውን ግን ሊጥሉት አልተቻላቸውምና፣ መጽሐፍ ሲያነቡና ካርታ ሲመለከቱ ባዶውን በጥርሳቸው ይዘውት ይቀመጣሉ። በኋላ በስተ ቀኝ ሁለት የላይ ጥርሶች ስለ ወለቁ ፒፓውን ወደ ግራ አዛወሩት፤ ግራውም በተራው ማመም ጀመረ፤ በመጨረሻም የፒፓው አፍ ራሱ ተበሳ። ወደ ዴንማርክ የምሄድ መሆኔን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ሰም በመዳፋቸው አሙቀው፣ ፒፓውን እንደሚይዙት አድርገው ነከሱትና፣ «ይህን ለሠሪው አሳየው፤ እኔ ደብዳቤ ከምጽፍለት አፌ ራሱ ቢነግረው ይሻላል» ብለው ሰጡኝ።

ሽማግሌው ጠራቢ በመጀመሪያ የተቀበሉኝ ፒፓውን ሳይሆን ሰሙን ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ሰሙን በመብራት ሥር እያገላበጡ ብዙ ጊዜ በአርምሞ ከተመለከቱት በኋላ፣ የላይኛው ጥርስ የተከለበትን ጉድጓድ በጥፍራቸው ጫፍ እየነኩ፣ ባለቤቱ ፒፓውን በግራው የውሻ ክራንቻ ላይ አሳርፈው እንደሚይዙት፣ የታችኛው ጥርሳቸውም ከላይኛው ጥቂት ወደ ኋላ እንደሚገጥም፣ መንጋጋቸውም ከድካም የተነሣ በስተ ጎን እንደሚያዘነብል አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም ኮፐንሃገን ተቀምጠው አዲስ አበባ ያለውን ሰው አፍ በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲያነቡ ሳይ አንክሮ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ነው ፒፓውን አንሥተው አፉን በካሊፐር የለኩት። 5.5 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ተገኘ። «ይህ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ ልጓም ነው» አሉ፤ በድምፃቸውም የሰማሁት እውነተኛ ኀዘን ነበረ።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ስሞች ጥቂት ናቸውና አስቀድሜ ላስተዋውቃቸው። ትንባሆ የሚሞላበትን የፒፓውን ራስ፣ ከራሱ የሚወጣውን የእንጨት አንገት፣ ከአንገቱ ጋር ተሰክቶ ወደ አፍ የሚደርሰውን ጥቁሩን ክፍል ደግሞ ዘንግ እንበለው። ዘንጉ ወደ አንገቱ የሚገባበት ጫፍ አናጢዎቻችን ወንዴ የሚሉት፣ የሚቀበለው የእንጨት ጉድጓድ ደግሞ ሴቴ የሚሉት ነው። በሌላው ጫፍ ዘንጉ ሠፍቶና ሳስቶ ጥርስ የሚይዘው ንክሻ ይሆናል፤ ከንክሻው ወዲያ፣ ፒፓው ከጥርስ ሾልኮ እንዳይወድቅ የሚያግደው ከፍ ያለ ጠርዝ ከንፈር ይባላል። ዓይን የሚማርከው ራሱ ነው፤ ገዢውም እንጨቱን፣ የእንጨቱን የነበልባል መልክ፣ የቅርጹን ግርማ አይቶ ይገዛል። አፍ ግን የፒፓውን ራስ አያውቀውም። ሰውና ፒፓ ዕድሜ ልካቸውን የሚገናኙት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም በማትበልጥ በዚያች ንክሻ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተቀረው ሁሉ ቢያምር እርስዋ ከከፋች ፒፓው ከፍቷል፤ ይህን እኔ ከሽማግሌው ሰምቼ ሳይሆን በጋሼ ፊት ላይ አይቼ የማውቀው ነው።

የሰው አፍና የፒፓ ዘንግ ሳይስማሙ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ትንባሆ ከአሜሪካ ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ከገባ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በእንግሊዝና ኋላም በኔዘርላንድ ፒፓ የሚሠራው ከነጭ ሸክላ ነበረ። ሸክላ በእሳት ከተጠበሰ በኋላ እርጥበት የሚጠጣ ስለ ሆነ ከከንፈር ቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ሠሪዎቹም ይህን አውቀው ጫፉን በሰም ወይም እንደ ብርጭቆ በሚያብለጨልጭ ልባስ ይቀቡት ነበር። ከጥርስ ጋር የሚያስታርቀው መድኃኒት ግን አልተገኘለትም። ጥርስ ዕለት ዕለት ከሸክላ ጋር ሲፋተግ እየተሞረደ ያልቃልና፣ የጥንት መቃብሮችን የሚመረምሩ ሊቃውንት ካወጧቸው አፅሞች መካከል፣ የላይና የታች ጥርሳቸው ሲገጥም በመካከሉ በድቡልቡል ሞረድ የተከረከረ የሚመስል ክብ ቀዳዳ የሚታይባቸው አሉ። የሰውየው ስም ጠፍቷል፣ ቤቱም ፈርሷል፤ ፒፓውን በየትኛው ጎን ይዞ ይኖር እንደ ነበረ ግን አጥንቱ እስከ ዛሬ ይመሰክርበታል። ዘንጉም ራሱ ምስክር ሆኗል፤ ጄ. ሲ. ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ የከርሰ ምድር ቅርስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ የሸክላ ዘንግ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ውስጣዊ ቀዳዳው እየጠበበ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል የነበረው ከ1750 በኋላ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኗልና፣ ከአፈር የወጣ የዘንግ ስብርባሪ ቀዳዳው ተለክቶ ዘመኑ ይገመታል።

በአገራችን ይህ ችግር እንዳልተነሣ ልብ ይሏል። ጋያ ውኃ ከያዘ ቅል ጋር የሚያያዝ፣ ሸምበቆው በእጅ ተይዞ በከንፈር ብቻ የሚነካ ዕቃ ስለ ሆነ ጥርስን የሚያስጨንቅበት ምክንያት የለም፤ ሥራ የሚሠራበትን ሁለት እጅ ነጻ ለማድረግ ሲባል ፒፓን በጥርስ ነክሶ መዋል የመጣው ከአውሮፓ ነው። የድሮ ሰዎቻችን ትንባሆ «ይጠጣል» እንጂ ይጨሳል አይሉም ነበርና፣ ቃሉ ራሱ ከንፈርንና ጉሮሮን እንጂ ጥርስን አያስታውስም።

ከሸክላው በኋላ ብዙ ነገር ተሞከረ። በቱርክ አገር በኤስኪሼሂር ከሚቆፈረው ነጭ ለስላሳ ድንጋይ ለሚቀረጸው ፒፓ አፉ የሚሠራው ከአምበር ነበረ፤ አምበር ለከንፈር ይመቻል፣ ለዓይንም ወርቅ ይመስላል፣ ጥርስ ሲበረታበት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ቀንድም ተሞከረ፤ በቀንድ ዋንጫ የጠጣ ያገራችን ሰው ለከንፈር ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ምራቅ ሲዘልቀው ንብርብሩ እየለቀቀ ይላላል። መፍትሔው የመጣው ከጎማ ነው። ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በእሳት የማዋሐዱን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1844 በስሙ ካስመዘገበ በኋላ፣ ወንድሙ ኔልሰን በ1851 ድኙን እጅግ አብዝቶ ለረጅም ጊዜ በማጋል፣ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉና ከዚያም በላይ ድኝ የሆነ፣ እንደ እንጨት የሚጠረብና እንደ ድንጋይ የሚወለወል ጥቁር ነገር የሚገኝበትን መንገድ አስመዘገበ። ዞጲ የምንለውን ጥቁር እንጨት ስለሚመስል በዚያው እንጨት የአውሮፓ ስም ኤቦናይት ተባለ።

ሽማግሌው ለጋሼ የመረጡትም ይህንኑ ነው። በመደርደሪያቸው ላይ ከአክሪሊክ የተሠሩ፣ እንደ ዕንቁ የሚያንጸባርቁ በትሮች ነበሩ፤ አክሪሊክ ፀሐይ አይለውጠውም፣ ሽታም የለውም። ኤቦናይት ግን ብርሃንና ምራቅ ሲፈራረቁበት ወደ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ መልክ ያመጣል፣ ድኙም በምላስ ላይ ይመራል፤ ባለቤቱ በየጊዜው ሊወለውለው ይገባል። ቢሆንም አክሪሊክ ለጥርስ የማይበገር ጠንካራ ነው። ኤቦናይት ግን ለዓይን በማይታይ መጠን ለንክሻ እሺ ይላል፤ በአፍ ውስጥም ቶሎ ይሞቃል። ለወጣት ጥርስ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ለሰባ ዓመት ሰው ጥርስ ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ ነገር ነው አሉኝ፤ ከጀርመን የመጣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን በትር ቆርጠው በቶርኖው ላይ አሰሩት።

ቶርኖው ሲዞር ክፍሏን የድኝ ሽታ ሞላት። በመጀመሪያ የተሠራው ወንዴው ነው። ርዝመቱ የሴቴውን ጥልቀት ያህል እንዲሆን ደጋግመው ለኩት፤ ወንዴው ካጠረ በመካከሉ ክፍተት ይቀራል፣ ጢሱም ከጠባብ መንገድ ወጥቶ በዚያ ክፍተት ሲበተንና ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጠብታ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ፒፓ ሲጠባ እንደ ተደፈነ ቧንቧ የሚንጎራጎረው በዚህ ምክንያት ነው። ከረዘመም እንጨቱን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እንጨት በእርጥበት ያብጣልና፣ የጸጉር ውፍረት የምታህል ቦታ ብቻ ተዉለት።

ከዚያ ቀዳዳው ተበሳ። ከወንዴው በኩል 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ገብቶ፣ ወደ ንክሻው ሲቃረብ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ቀዳዳው ክብ ሆኖ እስከ ዳር ቢቀጥል ንክሻው ከቀዳዳው ስለማያንስ ሊሳሳ አይችልም፤ ጠብቦ ቢቀር ደግሞ አየሩ ይታፈናል። የጥበቡ ምሥጢር ክቡን ወደ ጠፍጣፋ መለወጥ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አፉ 12.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ወርዱ ግን 10.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅም አፉ ያንኑ 12.6 ይሆናል። ስለዚህ ጢሱ ከመነሻው እስከ መድረሻው መንገዱ ሳይጠብበት፣ መልኩን ብቻ ለውጦ፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ወደ አፍ ይወጣል፤ በምላስ ጫፍ ላይ በአንድ ነጥብ ተሰብስቦ የሚያቃጥለውም ይቀራል። ይህን ስንጥቅ ሽማግሌው የሠሩት እንደ ክር በቀጠነ መጋዝና እንደ መርፌ በሾሉ ሞረዶች ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ በየጊዜው አቧራውን እፍ እያሉ ወደ መብራቱ አንሥተው ያዩበታል፣ ሽቦ የገባበት የጥጥ መጥረጊያም ሳይደናቀፍ የሚያልፍ መሆኑን ይሞክራሉ።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ከነከነኝና ተናገርሁ። ጋሼ ትንባሆ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ጢስ ለማያልፍበት ዘንግ ይህን ሁሉ ድካም መድከም ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሞረዱን ሳያስቀምጡ፣ «ባዶ ፒፓ የያዘ ሰው ሳያውቀው በውስጡ ይተነፍሳል፤ አየሩ ከታፈነበት ይሰማዋል» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ረገድ የራሴን አሳብ መሰወር አልፈልግም። ትንባሆ አልጠጣም፤ እንዲጠጣም አልመክርም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን የከለከሉበትን፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ስትነቅፈው የኖረችበትን ምክንያት የሕክምና ሊቃውንት በሌላ ቋንቋ አረጋግጠውታል፤ ዞመሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የከንፈር ነቀርሳ ፒፓ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ የጻፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1795 ነው፤ ዘንግ ምንም ያህል ቢሳካ ጢስን መድኃኒት አያደርገውም። ነገር ግን አንድ ሠሪ የማያውቀውን ሰው ሕመም ለማስቀረት በሚሊ ሜትር አሥረኛ ላይ ሲጨነቅ ማየት በራሱ የሚከበር ነገር ነው፤ ያንኑ ጭንቀት የወንበር፣ የጫማና የሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪዎች ሁሉ ቢጋሩት ምንኛ በወደድሁ።

አፍ ከላይና ከታች አንድ እንዳልሆነ ዱሮ ያስተዋሉ ነበሩ። ላትቪያ ተወልዶ በደብሊን የኖረው ቻርልስ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ያስመዘገበው የከንፈር ዓይነት፣ ቀዳዳውን ከጫፉ ፊት አንሥቶ ወደ ላይኛው ገጽ አዛወረው፤ ጢሱ ወደ ላንቃ ይወጣል፣ ምላስም ከሥር ባለው መደብ ላይ አርፎ ከቃጠሎው ይድናል። አልፍሬድ ደንሂል በ1907 በለንደን ሱቁን ከከፈተ በኋላ በ1915 በጥቁሩ ዘንግ ላይ ያኖረው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ነጭ ነጥብም፣ መነሻው ጌጥ ሳይሆን የዘንጉ የላይኛው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለባለቤቱ ለማመልከት ነበር። በኮፐንሃገን ደግሞ የዴንማርክ የእጅ ፒፓ አባት የሚባለው፣ ስዊድን የተወለደው ሲክስተን ኢቫርሰን ወደዚህ ጥበብ የገባው በጥገና በር ነው፤ ጥገና ማለት በአብዛኛው የተነከሰ፣ የተበሳና የተሰበረ አፍ መለወጥ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በር የገባ ሰው ፒፓን ከጥርስ ጀምሮ ቢያየው አያስደንቅም። ሽማግሌውም የዚያ ትምህርት ልጅ ናቸው።

በማግሥቱ ስመለስ ዘንጉ በሞርሳ ውስጥ፣ በቆዳ ተጠቅልሎ ታስሮ ነበር። ዕለቱን ሁሉ የተሠራው ንክሻው ብቻ ነው። ከከንፈሩ አጠገብ ያለውን ውፍረት ከ5.5 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሊያወርዱት ነው፤ በዚያ ቦታ ውስጣዊው ቀዳዳ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፤ እንግዲህ ከላይና ከታች የሚቀረው ግድግዳ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። አንድ የሞረድ ምት ከመጠን ካለፈ ግድግዳው ይሳሳና ከዓመት በኋላ ጥርስ ይበሳዋል። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ሞርደው አንድ ጊዜ ይለካሉ፤ 4.6፣ 4.4፣ 4.3፤ ከ4.2 በታች ሲደርሱ ሞረዱን ትተው የብርጭቆ ወረቀት አነሡ። የዕቃው መጠን ያህል የእጃቸውም ፍጥነት ይቀንስ ነበር።

ከዚህ ላይ የሰሙ ጉዳይ ተመለሰ። ለማንኛውም ሰው በሚሸጥ ፒፓ ንክሻው ከመካከል ጥቂት አብጦ ወደ ዳርና ዳር እኩል ይሳሳል። ጋሼ ግን በግራ ክራንቻ ይይዛሉና፣ የሚነክሱት ያንን ያበጠውን መካከል ሳይሆን ተዳፋቱን ነው፤ ዘንጉ በጥርስ ሥር ይሽከረከራል፣ መንጋጋም እንዳይሽከረከር ሲጨብጥ ይደክማል፤ ያ ነበረ የሕመሙ ምክንያት። ሽማግሌው የሰሙን ጉድጓድ እያዩ በላይኛው ገጽ በስተ ግራ የክራንቻውን ማረፊያ፣ በታችኛው ገጽ ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ለታችኛው ጥርስ ሌላ ማረፊያ፣ በጣት ካልሆነ በዓይን የማይለዩ ሁለት ዝቅታዎች አወጡ። ከንፈሩንም እንዲሁ፤ ወደ ጥርስ በሚመለከተው ወገን ጥርሱ የሚያርፍበት ጥርት ያለ እርከን ሆኖ፣ ወደ ምላስ በሚመለከተው ወገን ግን ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ነው። ምላስ በአፍ ውስጥ እንግዳ ነገር ሲገኝ ሥራ ፈትቶ የሚኖር አካል አይደለምና፣ አንዲት የሾለች ጠርዝ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲጎበኛት ይውላል።

ስለ ክብደትም ሚዛን አምጥተው አሳዩኝ። ፒፓው 48 ግራም መዘነ፤ ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የክብደቱ ማእከል ከጥርስ 9 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የላይና የታች ጥርስ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚራራቁት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የገበያ ሚዛን የያዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ በረጅሙ ክንድ ላይ ያለ 48 ግራም በአጭሩ ክንድ በኩል ከ430 ግራም በላይ ይጠይቃል፤ ግማሽ ኪሎ ለመሙላት ጥቂት የጎደለውን ኃይል ጋሼ አንድ ምዕራፍ አንብበው እስኪጨርሱ በአንድ ክራንቻ ተሸክመውት ይውሉ ነበር። ዘንጉ ቢጎብጥ ራሱ ወደ አገጭ ይቀርባል፣ ማእከሉም ከ9 ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ሸክሙም ወደ 340 ይወርዳል። ስለዚህ የጥጥ መጥረጊያ በቀዳዳው ውስጥ አግብተው፣ ቀዳዳው ሲታጠፍ እንዳይደፈን፣ ዘንጉን በሞቃት አየር አለሰለሱት፤ እንደ ሊጥ በታዘዘላቸው ጊዜ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው አጎበጡትና በቀዝቃዛ ውኃ ነከሩት።

እዚያው በሞቃቱ አየር ፊት አሮጌውን ዘንግ አቀረቡት። ኤቦናይት ሲሞቅ የቀድሞ መልኩን ያስታውሳል፤ ጎብጦ የነበረ ይቀናል፣ የተጨፈለቀም ይነሣል። ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩት የጋሼ የንክሻ ጉድጓዶች በዓይናችን ፊት፣ ውኃ ቀስ እያለ እንደሚሞላው ኩሬ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ እያበጡ ጠፉ። በመጨረሻ የቀረችው ያች የተበሳችው ቀዳዳ ብቻ ነበረች፤ እርስዋን ግን እሳት አያነሣትም።

ወንዴው በሴቴው ሲሰካ፣ ሽማግሌው ከወለሉ ላይ አንድ የሥር ጉብር አንሥተው እንጨቱ ከዚህ እንደሚወጣ አሳዩኝ። ከጣልያን ከካላብሪያ የመጣ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ቀይ አፈር ገና ያልለቀቀው የኤሪካ አርቦሪያ ሥር ነበረ። ፈረንሳዮች በሳን ክሎድ ከተማ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ፒፓ ሲሠሩበት የኖሩት ይህ ነው፤ ሥሩ ከግንዱ በታች አብጦ የሚያወጣው ጉብር እሳት የሚቋቋም ስለ ሆነ ይቆረጣል፣ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል፣ ለዓመታት ይደርቃል። የተክሉን ስም ስሰማ ጋሼ በአንድ ወቅት ያስተማሩን ትዝ አለኝ፤ በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ግንዱ ሽበት በመሰለ የዛፍ ጢም ተሸፍኖ በጉም ውስጥ የሚቆመው፣ ከእርሱም በላይ ጓሳና ጅብራ የሚቀጥሉበት፣ በአማርኛ አስታ የምንለው ዛፍ ይኸው ኤሪካ አርቦሪያ ነው። ይህንን ስነግራቸው ሽማግሌው ጉብሩን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ጥቂት ዝም አሉና፣ ዛፉ በአገራችን ለምን እንደሚውል ጠየቁኝ። ለማገዶና ለከሰል አልኋቸው። ሌላ አልጨመርሁም።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር አዘዙኝ። ቋንቋችሁ ውስጥ ሁለቱን ከንፈር የሚያገጥሙ ፊደላት የትኞቹ ናቸው አሉ። በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ አልኋቸው፤ በ ደግሞ ቧ ስትሆን ከንፈር ተገጥሞ ወዲያው ይሞጠሙጣል ብዬ አሳየኋቸው። «እንግዲህ ፒፓውን ነክሰው በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ይናገሩ። ንክሻው ወፍራም ከሆነ ከንፈር አይገጥምም፣ ቃሉም ይበላሻል። ቃሉ ጥርት ብሎ ከወጣ ሥራዬ ተፈጽሟል፤ ካልወጣ መልሰህ ላክልኝ» አሉ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ቤት ሄድሁ። ፒፓውን ተቀብለው ዘንጉን በጣታቸው ሲዳስሱ የክራንቻቸውን ማረፊያ ሳልነግራቸው አገኙት፤ ቀና ብለው አዩኝ፣ ወደ ግራ ወስደው ነከሱት፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። የሽማግሌውን ትእዛዝ ነገርኋቸው። በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው አሮጌ የሰሜን ተራሮች ካርታ ዞረው፣ ፒፓው በጥርሳቸው እንዳለ ጣታቸውን የአስታው መስመር ከሚያልቅበት ወደ ላይ፣ ከ4,400 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ጫፍ አሻገሩና፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገሩበት ባለው ድምፅ፣ «ቧሂት» አሉ።